የሞተር ሳይክል ዘይትና የደጋው አየር

ከጎንደር ተነሥቶ በኮሶዬና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚዘልቀውን መንገድ የሄደበት ሰው ሁሉ ሽቅቡን አይዘነጋውም። ትምህርታችንን በውጭ አገር ጨርሰን በተመለስን ሰሞን፣ በዚሁ መንገድ ላይ አንዲት ያገለገለች ሞተር ሳይክል እየነዳን ስንጓዝ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ጸጥ አለ። የኋላው ጎማ ተቆልፎ ጥቂት ሜትሮች ተንሸራተትን፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጠን በመከራ ዳር ያዝን። ከኋላችን የጭነት መኪና ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ የሚደርሰውን መገመት አያስቸግርም።

የሚገርመው፣ ያን ዕለት ጠዋት የዘይቱን መጠን ተመልክተን ነበር። በመለኪያው ዘንግ ላይ የታየው ዘይት እንኳን ሊጎድል የላይኛውን ምልክት ጥቂት አልፎ ተገኘ። ከአንድ ወር በፊት ከነበረበት ከፍ ማለቱንም አስተውለን «ይህች ሞተር ዘይት አትበላም» ብለን ተደሰትን። ፊዚክስ የምናስተምር ሆነን ሳለ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ማንም ሳይጨምርበት ከየት መጥቶ ሊጨምር ይችላል? ብለን አልጠየቅንም።

በጭነት መኪና ተጭና ወደ ከተማ የተመለሰችውን ሞተር የከፈቱልን አዛውንት መካኒክ ግን ያልጠየቅነውን ጥያቄ በአፍንጫቸው መለሱት። የዘይቱን ክዳን ከፍተው አሸተቱና «መምህር፣ ይህ እኮ ዘይት አይደለም፤ ቤንዚን የጠጣ ዘይት ነው» አሉን። ፒስተኑ ከቺሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበር። ለፒስተን፣ ለፋሻና ለቺሊንደር ያወጣነው ገንዘብ የአንድ ወር ደመወዛችንን ጨረሰው። ይህ ሁሉ የመጣው በጊዜው ሊቀየር ይገባው በነበረ አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ምክንያት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሞተር ሳይክልና ባለሦስት እግር ባጃጅ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ናቸው። የጤናው ባለሙያ፣ የግብርናው ሠራተኛና መምህሩም መኪና ወደማይደርስበት ቀበሌ የሚዘልቁት አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ሳይክል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። እነዚህም፦ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ የደጋችን አየር በዘይቱ ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ በመጨረሻም ዘይቱን በገዛ እጃችን እንዴት እንደምንቀይርና ሞተሩን እንዴት እንደምንንከባከብ ናቸው።

ለመሆኑ ዘይት ምን ይሠራል?

በአገራችን ጋራዦች የምንሰማቸው የዕቃ ስሞች አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ካንዴላ ማለት ሻማ ማለት ነው፤ ካቴና ሰንሰለት ነው። ፍሪሲዮን የምንለው ክፍል ስም ደግሞ በጣልያንኛ «ሰበቃ» ማለት ነው። እንግዲህ መካኒኩ «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል» ሲል ሳያስበው የፊዚክስ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሰበቃው አነሰ ማለቱ ነውና። በሞተር ሳይክል ላይ ሰበቃ እንዲበዛ የምንፈልግባቸው ቦታዎች አሉ፤ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑና ጎማው። እንዲያንስ የምንፈልግባቸውም አሉ፤ ፒስተኑ፣ ኩሽኔታውና ማርሹ። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት (ፎር ስትሮክ) ሞተር ሳይክሎች ላይ ችግሩ፣ ፍሪሲዮኑም ፒስተኑም ማርሹም በአንድ ዘይት የሚገለገሉ መሆናቸው ነው።

የሥራውን ክብደት በቁጥር እንየው። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ሞተሩ ደግሞ በደቂቃ 6,000፣ ማለትም በሰከንድ 100 ዙር ይሽከረከራል። በእያንዳንዱ ዙር ፒስተኑ አንዴ ወርዶ አንዴ ስለሚወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብረት ከብረት ጋር በዚህ ፍጥነት በቀጥታ ቢፋተግ በአጭር ጊዜ ግሎ ይጣበቃል። ይህ እንዳይሆን የሚከላከለው በመካከላቸው ያለው የዘይት ሽፋን ነው፤ ውፍረቱም በጥቂት ማይክሮ ሜትር የሚቆጠር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮ ሜትር ይጠጋል።

እንዲህ ያለ ስስ ሽፋን ያን ሁሉ ጭነት እንዴት ይሸከማል? መልሱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በባቡር ኩሽኔታ ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር። ዘይት ለመጨመር ብሎ ከኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ ቢበሳ፣ ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ይወጣ ጀመር። በቡሽ ቢደፍነው ቡሹ ተገፍቶ ወጣ፤ በእንጨት ቢደፍነው እንጨቱም ተገፍቶ ወጣ። በዘይቱ ሽፋን ውስጥ ከፍተኛ ግፊት እንዳለ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠበበው ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱ በቀላሉ ማምለጥ ስለማይችል ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም ዘንጉን ተሸክሞ ያንሳፍፈዋል። ለዚህ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ፍጥነትና የዘይቱ ዝልግልግነት (ቪስኮሲቲ) ናቸው። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ከቀጠነ ግፊቱ ይወድቃል፤ ብረትም ከብረት ይገናኛል። በእኛ ሞተር ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ዘይት ከዚህ ሌላ ሙቀትን ከፒስተኑ ተቀብሎ ይወስዳል፤ ጥቀርሻንና የብረት ብናኝን አጥቦ ይይዛል፤ በፋሻውና በቺሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ዝገትንም ይከላከላል። ሥራው ብዙ በመሆኑ ያረጃል።

በጀሪካኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ዝልግልግነት ማለት ፈሳሽ እንዳይፈስ የሚያደርገው የውስጥ ሰበቃ ነው። ማር ከውሃ ይልቅ ዝልግልግ ነው። በደባርቅ ጠዋት ማር ከዕቃው አልወርድ ይላል፤ እሳት ዳር ሲቀመጥ ግን ይፈሳል። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ሲበርድ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል።

በብዙ የሞተር ሳይክል ዘይት ዕቃዎች ላይ «20 ደብሊው 50» የሚል ጽሑፍ እናገኛለን። ደብሊው የተባለችው ፊደል በእንግሊዝኛ የብርድ ወራትን የሚያመለክተው ቃል መነሻ ናት። ስለዚህ ከፊደሏ በፊት ያለው 20 ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ፣ ከኋላዋ ያለው 50 ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት ይገልጻል። በዓለም አቀፉ የኤስ.ኤ.ኢ. ምደባ መሠረት በ100 ዲግሪ ላይ የ50 ቁጥር ዘይት ዝልግልግነት በሰከንድ ከ16.3 እስከ 21.9 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የ40 ቁጥር ዘይት ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። በ20 ዲግሪ ያለ ውሃ በዚሁ መለኪያ 1 ያህል ነው። ቁጥሩ የውፍረት መለኪያ እንጂ የጥራት ደረጃ አለመሆኑን ልብ ይሏል። «50 ከ40 ይበልጣል» ብሎ መግዛት ስሕተት ነው፤ የሚገዛው በሞተሩ መመሪያ የታዘዘው ነው።

አንድ ዘይት በብርድ እንደ ቀጭን፣ በሙቀት እንደ ወፍራም እንዲሠራ የሚያደርጉት በውስጡ የተጨመሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች (ፖሊመሮች) ናቸው። ሲበርድ ይጠቀለላሉ፤ ሲሞቁ ይዘረጋሉና ፈሳሹን ያወፍሩታል። በመኪና ላይ ማርሹ የራሱ ዘይት አለው፤ በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን ማርሹም በሞተሩ ዘይት ይዘፈቃል። የማርሹ ጥርሶች እነዚህን ሞለኪውሎች ስለሚቆራርጧቸው ዘይቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀጥናል።

የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክል ይሆናል ወይ? የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም የበዛባቸው የመኪና ዘይቶች አሉ። ይህ ለፒስተኑ መልካም ቢሆንም፣ በዘይት ውስጥ ለሚሠራው ፍሪሲዮን መጥፎ ነው፤ ጋዝ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። ስለዚህ በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት ያለውን መምረጥ ይገባል። ምልክቱ ዘይቱ እንዲህ ላለው ፍሪሲዮን የተፈተነ መሆኑን ያሳያል።

ደጋው ምን ይለውጣል?

አሁን ወደ ራሳችን አገር ጉዳይ እንግባ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር ስለሚቀንስ፣ በጎንደር ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህል፣ በደባርቅ ያለው 71 በመቶ ያህል ነው። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ በጎንደር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ በደባርቅ ደግሞ ከዚያ በላይ ያጣል። ይህ የሞተሩ ጉድለት አይደለም፤ የመካኒክም ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ለውጥ በካርቡሬተሩ ላይ የሚታየው ነው። በካርቡሬተር ውስጥ አየሩ በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚያ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። የሚያልፈው የአየር መጠነ ቁስ ከግፊት ልዩነቱና ከአየሩ እፍጋት ብዜት ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፤ የቤንዚኑም እንዲሁ ከግፊት ልዩነቱና ከቤንዚኑ እፍጋት ብዜት ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። አንዱን ለሌላው ስናካፍል የግፊት ልዩነቱ ይጣፋና የቤንዚንና የአየር ጥምርታ ከአየሩ እፍጋት ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚሄድ እናገኛለን። የቤንዚኑ እፍጋት በከፍታ ምክንያት አይለወጥም፤ የአየሩ ግን ይቀንሳል። ሙቀቱ እኩል ነው ብለን ብናሰላ፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በጎንደር 14 በመቶ፣ በደባርቅ 19 በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል ማለት ነው።

ይህ ትርፍ ቤንዚን ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ ጥቁር ጭስና ጥቀርሻ ይሆናል። ከፊሉ ሳይቃጠል የቺሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፤ እዚያ ያለውን የዘይት ሽፋን ይዞ በፋሻው በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። በብርድ ጠዋት ቾክ ተስቦ ረዘም ላለ ጊዜ ከተነዳ ደግሞ ይብሳል። በእኛ ሞተር ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር ነበር፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ አርጅቶ ኖሮ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ሳንዘጋ ባሳደርን ቁጥር ቤንዚን ወደ ሞተሩ ይንጠባጠብ ነበር። የዘይቱ መጠን ከፍ ብሎ የታየን በዚህ ምክንያት ነው። ያየነው የዘይት መብዛት ሳይሆን የዘይት መቅጠን ነበር።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል። ቤንዚኑን በኦክቴን ወክለን ብናሰላ፣ 114 ግራም ኦክቴን ሲቃጠል 162 ግራም ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይገኛል። አብዛኛው በማርሚታው በኩል በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻው አልፎ በቀዝቃዛው የሞተር ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። በጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ለእኛ መልካም ነበር። ነገር ግን ከፒያሳ እስከ ማራኪ ደርሶ የሚቆም ሞተር ዘይቱ በሚገባ ሳይሞቅ ይጠፋል። እንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ሲደጋገም ውሃው እየተጠራቀመ ዘይቱን ወተት ያስመስለዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ መንዳት ውሃውን ለማትነን ይረዳል።

አራተኛው አቧራ ነው። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በተለይም ከባዛልት የተሠሩ ናቸው። በበጋ ከጠጠር መንገድ የሚነሣው አቧራ የዚሁ ድንጋይ ዱቄት ያለበት ነው፤ በውስጡ ካሉት ማዕድናት አንዳንዶቹ የሞተሩን ብረት ለመፋቅ የሚበቃ ጥንካሬ አላቸው። 10 ማይክሮ ሜትር የሆነች ቅንጣት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ውፍረት ባለው የዘይት ሽፋን መካከል ስትገባ እንደ ሞረድ ትሠራለች።

ዘይት መቼ ይቀየር?

በትንንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮች መመሪያ ላይ የሚታዘዘው ርቀት እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። አዲስ ሞተር ግን ክፍሎቹ ሲላመዱ ብዙ የብረት ብናኝ ስለሚያወጣ፣ የመጀመሪያው ዘይት ከዚህ እጅግ ቀድሞ ይቀየራል። አቧራ፣ ብርድ፣ አጭር ጉዞ፣ ከባድ ጭነትና ዳገት ባለበት አገር ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ብልህነት ነው። ርቀት መቁጠሪያው የተበላሸበት ደግሞ በወራት ይቁጠር። ከርቀቱ በፊትም ቢሆን ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወተት ከመሰለ፣ ወይም ሳይጨመርበት ከፍ ካለ በዚያው ቀን መቀየርና ምክንያቱን መፈለግ ያሻል።

የአቀያየሩ ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች ያለው ለባለ አራት ምት ሞተር ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠልባቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የሚቀየርላቸው የማርሽ ዘይት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩን ከቤት ውጭ አምስት ደቂቃ ያህል እናሞቃለን። የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን ከነቆሻሻው ይወርዳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስነሣት ግን ነፍስ ያጠፋል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሞተሩ እጅ እስኪያቃጥል መጋል የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሞተር ሳይክሉን በደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርገን እናቆማለን፤ ከሥሩ ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን እናስቀምጣለን። የላይኛውን የዘይት ክዳን እንከፍታለን። አየር ከላይ ካልገባ ዘይቱ እየተቆራረጠ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ከታች ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን በልኩ መፍቻ እንፈታለን። ልኩ ያልሆነ መፍቻ የቡሎኑን ጠርዝ ይበላል። ዘይቱ መንጠባጠቡን እስኪያቆም አሥር ደቂቃ እንታገሥ።

አራተኛ፣ ማጣሪያውን እንመለከታለን። በአንዳንዱ ሞተር ማጣሪያው የብረት ወንፊት ነው፤ በላምባ ታጥቦ ደርቆ ይመለሳል። በሌላው የወረቀት ፊልትሮ ነው፤ ይህ አይታጠብም፣ በአዲስ ይተካል።

አምስተኛ፣ ቡሎኑን በአዲስ ሮንዴላ እንመልሳለን። መጀመሪያ በጣት ብቻ እናስገባው። የሞተሩ ሆድ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት የታሰረ ቡሎን ጥርሱን ይቆርጠዋል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚበቃው የማጥበቂያ ልክ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። በ20 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 25 ኒውተን ሜትር ለማግኘት 125 ኒውተን ኃይል ይበቃል፤ ይህም የ13 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። በእግር መርገጥ አያስፈልግም።

ስድስተኛ፣ በመመሪያው የተጻፈውን ያህል አዲስ ዘይት በመለኪያ እንጨምራለን። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ አሠርተን እናጠፋለን፤ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ጠብቀን ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ እንለካለን። መጠኑ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ዘይት መብዛቱም ይጎዳል፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች እየመቱት አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ጭነት አይሸከምም።

ሰባተኛ፣ ቀኑንና የተነዳበትን ርቀት በደብተር እንጽፋለን። ያልተጻፈ ልኬት ይረሳል።

አሮጌውን ዘይት ማንበብ

የወጣው ዘይት የሞተሩን ታሪክ ይናገራል። መጥቆሩ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፤ ጥቀርሻውን መያዙን ያሳያል። በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ውሃ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ የካርቡሬተሩ ጉዳይ ይመርመር። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከታየ ማግኔት እናስጠጋ። ማግኔቱ ከሳበው ብረት ነው፤ ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካልሳበውና ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ ከፒስተን ሊሆን ይችላል። ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩ ሳይነሣ ወደ መካኒክ መሄድ አለበት።

አብረው የሚሠሩ ሥራዎች

የአየር ማጣሪያውን በዚያው ቀን እናጽዳ። የስፖንጅ ዓይነት የሆነው በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ርሶ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀቱ ዓይነት አይታጠብም፤ ይራገፋል ወይም ይተካል። የታፈነ ማጣሪያ በደጋ ላይ ያነሰውን አየር ይባስ ያሳንሰዋል።

ካንዴላውንም ፈትተን እንየው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ፋሻው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ይግላል። በደጋ ብቻ ለሚነዳ ሞተር ባለሙያ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ ሊተካው ይችላል። ነገር ግን ለደባርቅ የተጠበበ ካርቡሬተር ወደ ዛሪማ ወይም ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው ማስተካከሉን በጥንቃቄ ያድርገው። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን ሁኔታ በራሳቸው እየለኩ የቤንዚኑን መጠን ያስተካክላሉ፤ የጠፋውን ኦክስጅን ግን አይመልሱም።

የቺሊንደሩ የማቀዝቀዣ ክንፎች ጭቃ እንዳይለብሱ ማጠብ ይገባል፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነውና። ካቴናውም ላልቶ እንዳይወልቅ፣ ጠብቆም ኩሽኔታ እንዳይጎዳ በመመሪያው ልክ ተስተካክሎ በዘይት ይታሽ።

ስለ ሊማሊሞ ቁልቁለት አንድ ነገር እንጨምር። ሞተር ሳይክሉና የተሳፈረበት 200 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ሲወርዱ ሁለት ሚሊዮን ጁል ገደማ ኢነርጂ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ይህ ከ6 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በጎንደር እስኪፈላ ያሞቃል። ያን ሁሉ በፍሬን ላይ መጣል አደገኛ ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ጭነቱን ለሞተሩ ያካፍላል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን በዚህ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ጋዙ ሲዘጋ ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን በፍጥነት መሽከርከሩን አይተውም። ስለዚህ በየመካከሉ ጥቂት ጋዝ መስጠት ፒስተኑን ያረጥበዋል።

አሮጌው ዘይት የት ይሂድ?

የተቀየረን ዘይት በቦይ ማፍሰስ በራስ ላይ መፍረድ ነው። አንድ ሊትር ዘይት በውሃ ላይ አንድ ማይክሮ ሜትር ውፍረት ይዞ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የአንገረብ ግድብ የከተማችን የመጠጥ ውሃ ምንጭ መሆኑን፣ የቀሃ ወንዝም በከተማው መካከል የሚያልፍ መሆኑን አንዘንጋ። አሮጌ ዘይት በማቃጠሉ ሂደት የተፈጠሩ ለካንሰር የሚያጋልጡ ውሁዶችም አሉበት፤ ስለዚህ ጓንት ማድረግ፣ አለበለዚያም እጅን ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይገባል። በቤንዚን እጅን መታጠብ መድኃኒት አይደለም። ምስጥ እንዳይበላው ብሎ የአጥር እንጨት በአሮጌ ዘይት መቀባትም ዘይቱን በዝናብ ወደ አፈሩ ይሰዳል። የተሻለው መንገድ በሚከደን ጀሪካን አጠራቅሞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ነው።

በመጨረሻም

ሞተራችን ከተጠገነች በኋላ ሁለት ልማዶች ያዝን። የቤንዚኑን ቧንቧ ሳንዘጋ አናሳድርም፤ ዘይቱን ደግሞ ከመለካታችን በፊት እናሸተዋለን። አዛውንቱ መካኒክ የሬይኖልድስን ቀመር አልተማሩም፤ እኛ ደግሞ ቀመሩን እያስተማርን የዘይቱን ሽታ አልጠየቅንም ነበር። የሁለቱ ዕውቀት መገናኘት ይኖርበታል። የትምህርት ቤት ሳይንስ ክበባት አንድ አሮጌ ሞተር አግኝተው ቢከፍቱና ዘይቱን ቢቀይሩ፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ሰበቃና ስለ ሙቀት የሚማሩት ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚያዩት በላይ አብሯቸው ይቆያል።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የፒስተኑ ጉዞ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ጊዜ ቢሽከረከር አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ባለ አራት ምት ከሆነስ ካንዴላው በሰከንድ ስንት ጊዜ ሊለኩስ ይገባዋል?

2. የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 64 በመቶ በሆነበት ከፍታ ላይ፣ ያልተስተካከለ ካርቡሬተር ስንት በመቶ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል?

3. አንድ ሊትር ዘይት በያዘ ሞተር ውስጥ የዘይቱ መጠን ማንም ሳይጨምርበት በ100 ሚሊ ሊትር ከፍ ቢል፣ የገባው ፈሳሽ ቤንዚን ይሁን ውሃ ያለ ምንም መሣሪያ እንዴት ይለያል?